የሙዝ ሥር ከአፈር ምግቡን እንዴት ይወስዳል?

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚኖረው ሕዝብ ከሚመገባቸው ዋና ዋና ምግቦች አንዱ ማቶኬ የሚባለው የሙዝ ዓይነት ነው። ይህ ሙዝ ገና አረንጓዴ ሳለ ተቆርጦ ከምባራራና ከኢሲንጊሮ አውራጃዎች በካሚዮን እየተጫነ ወደ ከተማው ገበያዎች ይመጣል፤ ከተላጠም በኋላ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል። ነገር ግን ከዘለላው ጋራ ከገበሬው መሬት የወጣ ብዙ ፖታሲየም አብሮ ይጓዛል። ልጣጩ ለከተማ ከብቶች መኖ ቢሆን ወይም ቢጣል፥ ወደ ተነሣበት ማሳ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ፖታሲየም ሲያንስ የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይደርቃሉ፤ ዘለላውም ይቀጭጫል። እንግዲህ የጎደለውን ለመተካት የሚፈልግ ገበሬ ሥሩ ምግቡን በምን መንገድ እንደሚቀበል አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ማናቸውም ተክል የተሠራው እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱም ሕዋስ ከቅባትና ከፕሮቲን የተሠራ ስስ ገለፈት አለው፤ አንድ ሚሊሜትር ከ100,000 ቦታ ቢከፈል የገለፈቱ ውፍረት ከአንዱ ክፍል አይበልጥም። ሥራውን ለመረዳት ቀይ ሥርን መመልከት ይበቃል። ጥሬው ተቆርጦና በደንብ ታጥቦ በቀዝቃዛ ውኃ ቢቀመጥ ውኃው እምብዛም አይቀላም፤ ሲቀቀል ግን ገለፈቱ በሙቀት ስለሚፈርስ ቀለሙ ይፈሳል። ስለዚህ ገለፈቱ በሕይወት እስካለ ድረስ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚለይ በር ጠባቂ ነው።

ውኃ የተሟሟ ነገር ካነሰበት ወገን ወደ በዛበት ወገን በገለፈቱ በኩል ያልፋል፤ ይህም ኦስሞሲስ ይባላል። ፈረንሳዊው ሊቅ አቤ ኖሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1748 አልኮል የሞላበትን ዕቃ በአሳማ ፊኛ ከድኖ በውኃ ውስጥ ቢያኖረው፥ ውኃው ወደ ውስጥ ገብቶ ፊኛው ሲነፋ ተመለከተ። ከብዙ ዘመን በኋላ ፒተር አግሬ በገለፈቱ ውስጥ ለውኃ የተለየ መተላለፊያ መኖሩን ስለ ገለጸ፥ ሮድሪክ ማኪኖንም የፖታሲየምን መተላለፊያ አሠራር ስላሳየ፥ በ2003 የኬሚስትሪውን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ኦክሲጅን በገለፈቱ በኩል በቀላሉ ያልፋል። ፖታሲየም ግን ቅባቱን አልፎ ሊገባ ስለማይችል የራሱ በር ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ ካለው እጅግ ስለሚበዛ፥ ወደ ውስጥ ማስገባቱ ሸክምን ሽቅብ እንደ ማውጣት ጉልበት ይጠይቃል። ሥሩ ሃይድሮጂንን ወደ ውጭ እየገፋ በገለፈቱ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራል፤ በዚያም ኃይል ፖታሲየምን ይስባል። ለዚህ የሚሆነውን ጉልበት የሚያገኘው ቅጠሉ የሠራውን ስኳር በኦክሲጅን በማቃጠል ነው።

ከዚህ ለገበሬው ሦስት ትምህርት ይገኛል።

አንደኛ፥ ማዳበሪያ በግንዱ ሥር ባንድ ስፍራ ቢከመር የአፈሩ ውኃ ከሥሩ ሕዋስ ይልቅ ጨዋማ ይሆናል። ያን ጊዜ በተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ውኃ እንደሚወጣው፥ ከሥሩም ውኃ ይወጣል፤ ተክሉ በርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። በኢትዮጵያም በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ የመስኖ እርሻ የአፈር ጨው ያደረሰው ጉዳት ይህንኑ ሕግ የተከተለ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ከግንዱ ራቅ ተብሎ በዙሪያው፥ መሬቱ ርጥብ ሳለ፥ በየጊዜው በጥቂቱ ሊበተን ይገባል።

ሁለተኛ፥ ውኃ በተኛበት ማሳ ኦክሲጅን ስለሚጠፋ ሥሩ በምግብ መካከል ሳለ ይራባል። ስለዚህ ውኃው የሚንጣለልበት ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ በአፈሩ ውስጥ የሌለውን ነገር የትኛውም በር ሊያስገባው አይችልም። ስለዚህ የተቆረጠው ግንድና ቅጠል፥ የሚገኘውም ልጣጭ፥ የምድጃውም አመድ ወደ ማሳው ይመለሱ። የሙዝ ዘመድ የሆነውን እንሰት የሚያለሙ የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬዎች የቤታቸውን ጥራጊና የከብቶቻቸውን ፍግ በእንሰቱ ዙሪያ የመበተን ልማድ አላቸው። ሙዝ ተካዩም ዘለላውን ወደ ገበያ በሰደደ ቁጥር በምትኩ ለመሬቱ ምን እንደ መለሰ ራሱን ይጠይቅ።