ተጫዋችና ግብዝ

ልጆች ሆይ፥ ጨዋታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ እንደ ገና ጨዋታ በጉልበትና በሩጫ የሚደረግ ነው። አንዳንዱ ግን ሰው ሌላ ሰው እንደ ሆነ አድርጎ የሚጫወተው ነው። በማክሰኝት ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አንዱ አባት፥ አንዲቱ እናት፥ ሌላውም እንግዳ ይሆናል፤ ጭቃው እንጀራ፥ ቅጠሉም ወጥ ይባላል። እንቆቅልሽ ሲጫወቱም መልሱን ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» በተባለ ጊዜ ጎንደርን የሚያህል ከተማ ይሰጣል፤ የተቀበለውም እንደ ገዢ ይኰራል። ነገር ግን ጎንደር ከስፍራዋ አልተነሣችም፤ ጭቃውንም የበላ የለም። ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና ማንም ውሸታም አይባልም።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በሌላ አገር ለታላላቆችም ተዘጋጅቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ፤ ትርጓሜውም የምድር ውስጥ ወህኒዎችና ዘንዶዎች ማለት ነው። ተጫዋቾቹ በገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በልብ የታሰበ አንድ ሰው ይይዛሉ። ይህንንም የጨዋታ ሰው እንበለው። ወታደር ወይም ካህን ወይም ሌባ ሊሆን ይችላል፤ ስሙንና ጉልበቱን፥ የሚያመልከውንና ጠባዩን በወረቀት ይጽፉለታል። ተራኪው፥ «በዋሻው ደጅ የቈሰለ ጠላት ወድቋል፤ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጫዋቹም በጨዋታው ሰው ፈንታ ይመልሳል። የሞከረው ነገር መሳካቱን ግን ሀያ ገጽ ያለው፥ ቍጥር የተጻፈበት ጠጠር ጥለው ይለያሉ።

በ1978 ዓ.ም. በወጣው የዚህ ጨዋታ መጽሐፍ የሰው ጠባይ በዘጠኝ ተከፍሏል። አስቀድሞ ደግ፥ መካከለኛና ክፉ ተብሎ ይለያል፤ ሁለተኛም ሥርዓት አክባሪ፥ መካከለኛና ሥርዓት የለሽ ተብሎ ይለያል፤ ሦስቱ በሦስቱ ሲባዙ ዘጠኝ ይሆናሉ። በዚያው መጽሐፍ ፓላዲን የሚባል፥ ለቅድስና የተሰጠ ወታደር አለ። እርሱም ዐውቆ በፈቃዱ ክፉ የሠራ እንደ ሆነ ማዕርጉን ወዲያው ያጣል፤ ከዚያም በኋላ አይመለስለትም። ስለዚህ ፓላዲንን የያዘ ተጫዋች «እኔ ምን እወዳለሁ?» ብሎ አያስብም፤ «እንዲህ ያለ እምነት ያለው ሰው በዚህ ቦታ ምን ያደርጋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ ልብን ያሠለጥናል።

በኮምፒዩተር የሚደረግም አለ። ሪቻርድ ጋሪዮት የሚባል ሰው በ1985 ዓ.ም. «ኡልቲማ» የተባለውን ጨዋታ አራተኛ ክፍል አወጣ። በዚህ ጨዋታ ሰው የሚያሸንፈው ክፉ ንጉሥ በመግደል አይደለም፤ ስምንት ምግባራትን በመፈጸም ነው። እነርሱም እውነተኛነት፥ ርኅራኄ፥ ጀግንነት፥ ፍትሕ፥ ራስን መሠዋት፥ ክብር፥ መንፈሳዊነትና ትሕትና ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ዐይነ ስውር ነጋዴ አለ። ተጫዋቹ ዕቃውን ወስዶ ገንዘቡን ራሱ ቈጥሮ ይከፍላል። አጕድሎ ቢከፍል ነጋዴው አይከለክለውም፤ ጨዋታው ግን ይቈጥርበታል፥ እውነተኛነቱም ይቀንሳል።

እንግዲህ በማክሰኝት ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ዐይነ ስውር ሴት ብታጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በዚያ በደልን የሚቈጥር ኮምፒዩተር የለም። ነገር ግን የሚጐድለው የጨዋታ ቍጥር አይደለም፤ የልጆቿ እራት ነው።

አሁን አንዱ፥ «በጨዋታ ክፉ ሰው መሆን ኀጢአት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ አንድ ቃል ይረዳናል። በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ወንጌል ግብዝን «ሂፖክሪቴስ» ይለዋል። ይህ ቃል አስቀድሞ በቴአትር የሌላውን መልክ ይዞ የሚጫወት ሰው ስም ነበር። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩም ሥራቸው የተለያየ ነው። ተጫዋች መጫወቱን ለሁሉ ያስታውቃል፤ ሲፈጽምም ጭምብሉን ያወልቃል። ግብዝ ግን ጭምብሉን ፊቱ አስመስሎ ይኖራል። በጨዋታ ሌባ የሆነ ልጅ ሌባ አይደለም፤ በሰው ፊት ጾመኛ መስሎ በጓዳ የሚበላ ግን ግብዝ ነው።

ይሁን እንጂ በጨዋታው ሰው ማመካኘት የማይገባ ሦስት ነገር አለ። መጀመሪያው ማታለል ነው። ጠጠሩ አራት ወጥቶ ሳለ «ሀያ ወጣልኝ» ብትሉ የዋሸው የጨዋታው ሰው አይደለም፤ የዋሻችሁ እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው ባልንጀራን ማስለቀስ ነው። «የሰደብሁህ እኔ አይደለሁም፥ የያዝሁት ሰው ነው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ስድቡ የጨዋታ ቢሆን እንኳ እንባው የእውነት ነውና። ሦስተኛው በእምነት መሳለቅ ነው። በጎንደር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፥ ልጆቻቸውም በአንድ ሜዳ ይጫወታሉ። የሌላውን እምነት ሰው በጨዋታ የያዘ ልጅ እንዴት እንደሚጸልይና ምን እንደሚፈራ በክብር ቢያስብ ጎረቤቱን ያውቃል፤ ለመሳቂያ ቢያደርገው ግን ጎረቤቱን ያጣል።

ደግሞም ልማድ ብርቱ ነገር መሆኑን አትርሱ። አንድ ጊዜ ጨካኝ ሆኖ የተጫወተ ጨካኝ አይሆንም፤ ዘወትር ጭካኔን እየመረጠ የሚስቅ ግን ልቡን ያለማምዳል። በጨዋታ የምትይዙት ሰው የልብ ወለድ ነው፤ በእርሱ ፈንታ የሚመርጠው ልብ ግን የእናንተው ነው።

ስለዚህ ከመጫወታችሁ በፊት ማን ማንን እንደሚይዝ ተስማሙ። ስትፈጽሙም እርስ በርሳችሁ በየራሳችሁ ስም ተጠራሩ፤ ያዘነ ልጅ ካለ ወደ ቤት ሳትገቡ ታረቁት። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ በጨዋታው ቢሸነፍ እንኳ ባልንጀራውን አላጣም።