የማይጠብቅ መምህር

እ.ኤ.አ. በ2004 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ሂሳቡ በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር። ልጅ «ፕላዝማው ቀደመኝ» ቢል፣ ቋንቋውን የማያውቅ ወላጅ መርጃው ይጠፋዋል። ምክንያቱን እንመልከት።

ሳተላይቱ የሚገኘው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። የተማሪው ጥያቄ ግን መመለሻ መስመር አልነበረውም። የዛሬውን የኢንተርኔት ትምህርት ማቆምና መድገም ቢቻልም፣ የተቀረጸው ምስል ተማሪው የት እንደተሰናከለ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ወላጅ በአማርኛ ሊጠይቅ ይችላል። የተዳፋት መጠን የከፍታ ለውጥ ለአግድም ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ከላሊበላ ከተማ (2,500 ሜትር ገደማ) ወደ አሸተን ማርያም (3,150 ሜትር ገደማ) የሚወጣ ሰው 650 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለስሌት እንዲመች አግድም ርቀቱን 2,600 ሜትር ብንል፣ የተዳፋቱ አማካይ መጠን 0.25 ይሆናል፤ ይህም በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር መውጣት ማለት ነው።

ቀመሩን አይታ የማታውቅ የላስታ እናት ዳገቱን በእግሯ ታውቀዋለች። «የቱ ጋ ይከብዳል? ለምን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ልጇ ሲያስረዳ የዘለለውን እርምጃ ራሱ ያገኘዋል።