ዓይን ሲንቀሳቀስ የአእምሮ ቁስል ይሽራልን?

የአካል ቁስል ይታያል፤ ይታጠባል፤ በጊዜውም ይሽራል። የአእምሮ ቁስል ግን ከውጭ አይታይም። ከጦርነት፣ ከመኪና አደጋ ወይም ከግፍ የተረፈ ሰው፣ ክስተቱ ካለፈ ከወራትና ከዓመታት በኋላም ዛሬ እየተፈጸመ ያለ መስሎ ሊታየው፣ ሌሊት በቅዠት ሊባንን፣ ድንገተኛ ድምፅ በሰማ ቁጥር ሊደነብር ይችላል። ይህ ሁኔታ ጸንቶ ሲቆይ ባለሙያዎች ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከዓለም ሕዝብ 70 በመቶ የሚሆነው በሕይወት ዘመኑ አስደንጋጭ ክስተት ይገጥመዋል፤ ከእነዚህ መካከል በሕመሙ የሚያዙት 5.6 በመቶ ያህሉ ናቸው። መቶኛው አነስተኛ ቢመስልም በሰው ቁጥር ሲሰላ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ነው።

ለእነዚህ ሕሙማን ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው አስማት ሊመስለው ይችላል። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን በሕመምተኛው ፊት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያመላልሳል፤ ሕመምተኛው መራራውን ትውስታ በአእምሮው ይዞ ጣቶቹን በዓይኑ ይከተላል። ሕክምናው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኢ.ኤም.ዲ.አር.» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሕክምናው ሁለት ጥያቄዎችን ለያይተን እንመረምራለን። አንደኛው «ይሠራልን?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ለምን ይሠራል?» የሚለው ነው።

አመጣጡና አሠራሩ

ሕክምናውን ያስጀመረችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ ናት። በ1987 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመናፈሻ ስትዘዋወር፣ ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀሱ የሚያስጨንቃት ሐሳብ ኃይሉ እንደቀነሰ ማስተዋሏን ገልጻለች። በ1989 በ22 ሰዎች ላይ ያደረገችውን የመጀመሪያ ጥናት አሳተመች።

ዛሬ ሕክምናው ስምንት ደረጃዎች አሉት። ባለሙያው የሕመምተኛውን ታሪክ ያጠናል፤ ራሱን የሚያረጋጋበትን ዘዴ ያስተምረዋል፤ ቀጥሎም አንድ ትውስታ ተመርጦ የሚያስከትለው ጭንቀት ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይመዘናል። ከዚያ የዓይን እንቅስቃሴው በአጫጭር ዙሮች ይደጋገማል፤ በየዙሩ መካከል ሕመምተኛው ምን እንደተሰማው ይናገራል። ጭንቀቱ ወደ 0 ሲወርድ፣ ስለ ራሱ የነበረው መጥፎ እምነት በመልካም እንዲተካ ይደረጋል። እንግዲህ የዓይን እንቅስቃሴው ከብዙ ክፍሎች አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ እንበል።

ይሠራልን?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህን ሕክምና ለሕፃናት፣ ለወጣቶችና ለአዋቂዎች ከሚመከሩት መካከል አካትቶታል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች የ2023 የጋራ መመሪያም ይደግፈዋል። ሕክምናውን ያገኙ ሰዎች ተራ እየጠበቁ ከቆዩት ይልቅ ተሽሏቸው ተገኝቷል፤ ውጤቱም በአሰቃቂው ትውስታ ላይ ከሚያተኩሩ ሌሎች የንግግር ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ ነው። ይሁን እንጂ በ2020 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ብዙዎቹ ሙከራዎች የጥራት ጉድለት እንዳለባቸው አሳይቷል። በመሆኑም ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ጥንቃቄ የተሞላበት «አዎን» ነው፤ ይህም «አዎን» ለዚህ ሕመም እንጂ ለማንኛውም የአእምሮ ሕመም አይደለም።

ለምን ይሠራል?

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች የግራና ቀኝ እንቅስቃሴው ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች ያስተባብራል ብለዋል፤ ሌሎች ደግሞ በሕልም ጊዜ ከሚታየው ፈጣን የዓይን እንቅስቃሴ ጋር አመሳስለውታል። በአንጻሩ ሪቻርድ ማክናሊ የተባለው ተመራማሪ በ1999 ሕክምናውን ከሜስመር «የእንስሳት ማግኔታዊ ኃይል» ጋር አነጻጽሮታል። በ1784 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዋዚዬ ያሉበት ኮሚሽን በፓሪስ ይህን ኃይል ሲመረምር፣ የሰዎችን ዓይን ሸፍኖ ነበር። ሰዎቹ ኃይሉ ደረሰን ብለው ሲያምኑ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሳያውቁ ሲሰጣቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። የሚሰማቸው ነገር እውነት ነበር፤ «ኃይሉ» ግን አልነበረም። ተቺዎችም እንዲሁ፣ የሚፈውሰው ትውስታውን ፊት ለፊት መጋፈጡ ነው፤ የጣቶቹ እንቅስቃሴ ጌጥ ነው አሉ።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገጥመን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ እናነሣለን። እዚህም የተደረገው ይኸው ነው፤ አንዱ ቡድን ዓይኑን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ ያንኑ ትውስታ ያስባል። በ2001 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም፤ በ2013 የታተመው ግን የዓይን እንቅስቃሴው ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው አመለከተ።

ታዲያ ጥቅሙ ከየት መጣ? ከቀረቡት መላምቶች አንዱ «ጊዜያዊ የሥራ ትውስታ» ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ የአእምሮ ክፍል እንደ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይጻፍበትም። አሰቃቂውን ምስል በሰሌዳው ላይ ይዘን ዓይናችን ሌላ ነገር እንዲከተል ብናዘው፣ ሁለቱ ሥራዎች ቦታ ይሻማሉ፤ ምስሉም ይደበዝዛል።

መላምት ዋጋ የሚኖረው ሊፈተን የሚችል ትንበያ ሲሰጥ ነው። ምስጢሩ የግራና ቀኝ መመላለሱ ከሆነ፣ ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ መሥራት የለበትም። ምስጢሩ የሰሌዳው መጥበብ ከሆነ ግን አቅጣጫው ለውጥ አያመጣም፤ ትኩረት የሚሻ ሌላ ሥራም ያንኑ ውጤት ይሰጣል። በ2008 በታተመ ጥናት ወደ ላይና ወደ ታች የተደረገው እንቅስቃሴ እኩል ሠርቷል፤ ውስብስብ ሥዕል መቅዳትም ትውስታውን አደብዝዟል። በ2012 ደግሞ በኔዘርላንድ በሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ብዙም ትኩረት የማይጠይቅ የግራና ቀኝ ድምፅ ከዓይን እንቅስቃሴ ያነሰ ውጤት ሰጥቷል። እነዚህ ውጤቶች ሚዛኑን ወደ ሰሌዳው ያጋድሉታል።

ነገሩ ግን አላበቃም። በ2019 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ፍርሃት የለመዱ አይጦችን በግራና ቀኝ በሚፈራረቅ ብርሃን ሲያክሙ የፍርሃታቸው መቀነስ ጸንቶ መቆየቱን፣ ውጤቱም ዓይንን ከሚመራው የአንጎል ክፍል ተነሥቶ የፍርሃት ማዕከል ወደ ሆነው አሚግዳላ በሚደርስ መስመር በኩል እንደሚያልፍ አሳይተዋል። የአይጥ ውጤት በቀጥታ ለሰው አይተረጎምም፤ ሆኖም ከሰሌዳው ሌላ መንገድም ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል።

ምን እንማራለን?

በ1824 ሳዲ ካርኖ የሙቀት ሞተርን የብቃት ወሰን ያሰላው፣ ሙቀት እንደ ፈሳሽ ያለ ነገር ነው በሚል የተሳሳተ ሐሳብ ተመርቶ ነው። ሐሳቡ ወደቀ፤ ወሰኑ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል። የአንድ ነገር መሥራት የማብራሪያው እውነትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ የማብራሪያው መውደቅም ነገሩ እንደማይሠራ አያረጋግጥም።

ይህ ልዩነት የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ አይደለም። አገራችን ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ክፍል የተካሄደውን ጦርነት አይታለች፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎቻችን ቁጥር ደግሞ ከሕዝቡ አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። በውጭ አገር ለዚህ ሕክምና የሚሸጡ የሚበሩና የሚንቀጠቀጡ መሣሪያዎች አሉ። ከላይ ያየናቸው ሙከራዎች ከጸኑ ግን አስፈላጊው የሠለጠነ ሰው እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም። የሚሠራበትን ምክንያት ያወቀ፣ ምን መተው እንደሚቻልም ያውቃል።

በመጨረሻም ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህን ሕክምና ብቻችሁን፣ በስልክ መስታወት ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ እየተከተላችሁ አትሞክሩት። አሰቃቂ ትውስታን መቀስቀስ ቀላል ነው፤ የተቀሰቀሰውን አረጋግቶ መመለስ ግን ሥልጠና ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጭንቀት የያዘው ወዳጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ሳታፍሩና ሳትዘገዩ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ አድርሱት።