የአያቴ ልፋት ሒሳብ ነበረው

ወንድ አያቴ አባባ ያረፉ ሰሞን ለቀስተኛው ሁሉ «ብርቱ ገበሬ ነበሩ፤ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም» ይል ነበር። እውነት ነው። ጎጃም፣ ብቸና አካባቢ ዋልካ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ መሬት ላይ ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ ልጆቻቸውን በጤፍና በሽምብራ አሳድገው አስተምረዋል። እኔ ግን ከጉልበታቸው ይልቅ የሚደንቀኝ የሚያውቁት ነገር ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ መሬታቸውን ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ ካየሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ።

ከጤፍ እንጀምር። የአንዲት የስንዴ ፍሬን ክብደት ለማምጣት 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለች ደቃቅ ዘር ጓል የበዛበት ማሳ ላይ ብትወድቅ ጓል ሥር ገብታ ትቀራለች። ስለዚህ አያቴ ማሳውን ገምሰው፣ አይመው፣ ሰልሰው፣ ከዚያም በላይ ደጋግመው ያርሱታል። ሐምሌ ላይ ሊዘሩ ሲሉ ደግሞ ከብቱን ያስገቡና ጭቃውን ያስረግጣሉ። ከብቱን ወዲያና ወዲህ መንዳት የእኛ የልጆቹ ሥራ ነበር። የተረገጠ መሬት አረሙ ይታፈናል፣ ላዩ ቶሎ አይደርቅም፣ ጤፉም እኩል ይበቅላል።

ትልቁ ፈተና ውሃ ነው። ዋልካ ዝናብ ሲጠግብ ውሃ ያቁራል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። አያቴ ማሳው ላይ ፈሰስ ያወጡ ነበር፤ ትርፉን ውሃ የሚያስወግድ ቦይ ማለት ነው። ፈሰሱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወረደ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ አግድም ከሆነ ደግሞ ውሃው ይተኛል። ትክክለኛውን መስመር የሚለካ መሣሪያ አልነበራቸውም። ዝናብ ሲወርድ ሌላው ወደ ቤት ሲሮጥ እሳቸው ገሳቸውን ደርበው ማሳው ዳር ይቆማሉ። ውሃው የት ጋ እንደሚፈጥን፣ የት ጋ እንደሚቆም፣ የት ጋ እንደሚደፈርስ ያያሉ። «አየህ፣ እዚህ ጋ ደፈረሰ፤ አፈር እየበላ ነው» ይሉኝ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ መቆፈሪያቸውን ይዘው ይወጡና ፈሰሱን ትንሽ ጠመም ያደርጉታል።

ጤፍ የተዘራበትን ማሳ በዓመቱ ለሽምብራ ወይም ለጓያ ይለቁታል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲወጣ፣ ዋልካው በያዘው እርጥበት ብቻ ሁለቱም ይደርሳሉ። «መሬቱ ደክሞታል፣ ሽምብራ ያሳርፈው» ይሉ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል፣ ለአፈሩም ይተርፋል። የጓያንም ጠባይ ያውቁ ነበር። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ነገር ግን ለወራት እሱኑ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሳቸው ቤት ጓያ ከሌላ እህል ጋር እንጂ ብቻውን አይበላም ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል የመሬት ይዞታው ሥርዓት ራሱ ባለበት አልቆመም። በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሳ፣ መሬት ተለክቶ ርስት ይጠፋል የሚለው ስጋት ለአመፁ አንዱ ምክንያት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። በ1989 ዓ.ም በአካባቢው የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ከአያቴ ይዞታ ተቀንሶ ለአንድ ጎረቤት ወጣት ደረሰው። ያጡት ማሳ ከቤታቸው በላይ ያለው፣ በጣም የለፉበት ነበር።

ሴት አያቴ እማማ እንደነገሩኝ፣ አባባ ለጥቂት ቀናት ከሰው ጋር አልተነጋገሩም። ከዚያ አንድ ጠዋት ወጣቱን ጠርተው ማሳው ላይ አዞሩት። የፈሰሱን መውጫ፣ ውሃ የሚተኛበትን ጎድጓዳ፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደተዘራበት አንድ በአንድ አሳዩት። ሰዉ ሲገረም «ላይኛው ማሳ ከተበላሸ ጎርፉ ወደ እኔ ነው የሚወርደው፤ መሬቱስ ምን በደለ?» አሉ። ያ ወጣት በአጨዳ ደቦ ቀድሞ የሚደርስላቸው ሰው ሆነ። አንደኛው በሬያቸው ሲሞትባቸውም በሬውን አቀናጅቶ አብሯቸው ያረሰው እሱ ነው።

በኋላ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጠፈበት። አባባና እማማ ጎን ለጎን የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው። ልጆቻቸው በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት የትምህርት ማስረጃ ብዙ ነው። ለእኔ ግን የአባባ ዲግሪ ያ ደብተር ነው፤ የዕድሜ ልክ እውቀታቸው ያረፈበትን መሬት የሚመሰክር እሱ ነውና።

ገጠር አያት ያላችሁ፣ ለበዓል ስትሄዱ «ድሮ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትለፉ። ማሳው ላይ ይዛችኋቸው ውጡና ጠይቁ። የትኛው ማሳ ውሃ ይይዛል? ከጤፍ በኋላ ምን ይዘራል፣ ለምን? ዘሩን ከየት አመጡት? ይህ መሬት እንዴት እጃቸው ገባ? ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅዱት፤ ለልጆቻችሁም አስቀምጡት። ብርታታቸውን ማመስገን ጥሩ ነው፤ የሚያውቁትን መረከብ ግን የኛ ድርሻ ነው።

አባባ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን።