ከኪኒኑ ጎን የሚቆም ሰው፦ ኤች አይ ቪ፣ ድብርትና ማኅበራዊ ድጋፍ

ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ እንደማንኛውም ሰው ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸምግሎ መኖር ይችላል። የቫይረሱ መጠን በደም ምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ወርዶ እዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ያኔ አልጋ ይዘው ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሥራቸው ላይ ናቸው።

የደም ምርመራው ግን የሰውየውን ሌሊት አያሳይም። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ እንቅልፍ የሌለው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከሰው የሸሸ ታካሚ አለ። ይህ ጽሑፍ ድብርት ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለምን እንደሚበዛ፣ የሰው ድጋፍ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ያብራራል።

ድብርት መቼ ሕመም ይሆናል?

ማንም ሰው ይከፋዋል። ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረው ሰው ቢያለቅስ፣ ቢናደድ፣ ጥቂት ቀን ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ የሚጠበቅ ነው። ሐኪሞች ድብርትን ከተራ ሐዘን የሚለዩት በቆይታውና በክብደቱ ነው። በጤና ተቋማት በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ሁሉም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ። ያስደስትዎ የነበረው ነገር አላስደስት ብሎዎታል? ሆድ ይብስዎታል፣ ተስፋ ያጣሉ? እንቅልፍ እምቢ ይልዎታል ወይስ ይበዛብዎታል? ድካም አለ? የምግብ ፍላጎትዎስ? ራስዎን እንደ ውዳቂ ይቆጥራሉ? ሐሳብዎን መሰብሰብ ያቅትዎታል? እንቅስቃሴዎ ከወትሮው ዘግይቷል ወይስ ይቁነጠነጣሉ? መጨረሻ ላይ የሚመጣው ከባዱ ነው፦ ብሞት ይሻላል ብለው ያስባሉ?

ከእነዚህ አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት፣ ከመካከላቸውም ቢያንስ ደስታ ማጣት ወይም የማይለቅ መከፋት ካለበት፣ አብዛኛውን ቀን ለሁለት ሳምንት ከዘለቁና ሥራንና ኑሮን ካወኩ ነገሩ የባሕርይ ድክመት ሳይሆን ሕመም ነው።

በኢትዮጵያ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የድብርት ምልክት አለበት። መጠይቅ ምልክትን ይጠቁማል እንጂ ሐኪም መርምሮ የሚሰጠውን ውሳኔ አይተካም፤ ስለዚህ ሁሉም በድብርት የታመሙ ናቸው ማለት አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሁለቱ ሕመሞች ለምን አብረው ይመጣሉ?

አንዱ ምክንያት ከሰውነት ውስጥ ነው። ቫይረሱ አንጎል ድረስ ይደርሳል፤ በሰውነት ውስጥ የሚፈጥረው የቆየ ብግነትም ስሜትን እንደሚነካ ይታመናል። ቀድሞ በብዛት ይታዘዝ የነበረው ኤፋቪረንዝ የተባለው መድኃኒት አንዳንድ ሰዎች ላይ ቅዠትና የስሜት መረበሽ ያመጣ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው በዶሉቴግራቪር ተተክቷል፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ሰዎችን እንቅልፍ ይነሳል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ማቆም የለበትም፤ ለሐኪሙ ቢናገር የሚወስድበት ሰዓት ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊለወጥለት ይችላል።

ትልቁ ምክንያት ግን ከውጭ ነው። ምስጢር መጠበቅ በራሱ የዕለት ሥራ ይሆናል። ሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ፣ የሚያውቀው ሰው ወደማይኖርበት ከተማ ሄዶ መድኃኒት የሚቀበል አለ። ብልቃጡ ኪስ ውስጥ እንዳይንኳኳ ኪኒኑን በፌስታል ወይም በወረቀት ጠቅልሎ፣ የተጻፈበትን ልጦ ጥሎ የሚመለስም አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኪኒኑን ለመዋጥ ጓዳ የምትገባ ሴት፣ ዘመድ ቤት ማደር ስላለባት ከሠርግ የምትቀር ሴት፣ ከቫይረሱ ይልቅ የሚያደክማት ይሄ ነው። በዚህ ላይ የትዳር ጓደኛን በሞት ማጣት፣ የገቢ መቋረጥና ሰው የሚለው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ራስን መናቅ ይጨመራል።

ነገሩ ተመልሶም ይዞራል። የተደበረ ሰው ሰዓቱን ይረሳል፣ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ መጠጥ ያበዛል። ኪኒኑ ሲዘለል ቫይረሱ ያንሠራራል፤ ሰውነት ሲደክም ድብርቱ ይብሳል። ለዚህ ነው ድብርትን ማከም የኤች አይ ቪ ሕክምና አካል እንጂ ተጨማሪ ምቾት ያልሆነው።

የድጋፍ ልክ በምን ይታወቃል?

ተመራማሪዎች ማኅበራዊ ድጋፍን ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው መጠይቆች አንዱ በኦስሎ ከተማ ስም የሚጠራ ሲሆን በኢትዮጵያም በብዙ ጥናቶች ጥቅም ላይ ውሏል። ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። አንባቢ ለራሱ ሊመልሳቸው ይችላል።

የመጀመሪያው፦ ከባድ የግል ችግር ቢገጥምዎ እተማመንባቸዋለሁ የሚሏቸው ቅርብ ሰዎች ስንት ናቸው? ሁለተኛው፦ ሰዎች እርስዎ ለሚያደርጉት ነገር ምን ያህል ያስባሉ፣ ምን ያህልስ ይጨነቃሉ? ሦስተኛው፦ ቢቸገሩ ከጎረቤት የእጅ እርዳታ ማግኘት ምን ያህል ይቀልዎታል? ውጤቱ ከ3 እስከ 14 ይደርሳል፤ ከ9 በታች ደካማ ድጋፍ ይባላል።

እኛ አገር ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው በቀላሉ ይመልሰዋል። እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ቡና ላይ የሚጠራራ ጎረቤት አለ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው የሚቸገረው የመጀመሪያው ላይ ነው። ሃምሳ ሰው ለቀብር የሚወጣለት ሰው፣ ስለ ሕመሙ የሚያዋየው አንድ ሰው ላይኖረው ይችላል። የእድሩ ድንኳን ሲሞት ይተከልለታል፤ በሕይወት ሳለ ግን እድርተኞቹ ያለበትን አያውቁም፤ እንዲያውቁም አይፈልግም። በሰው መከበብና መደገፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ድጋፍ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ማዳመጥና አይዞህ ማለት አለ። በገንዘብ፣ በምግብ፣ ልጅ በመጠበቅ ማገዝ አለ። ትክክለኛ መረጃ መስጠትም አለ። ሥራ ያጣችን እናት ምክር አያጠግባትም፤ የቤት ኪራይ የማይቸግረው ግን ሌሊት ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ደግሞ ብር ቢሰጡት ሸክሙ አይቀልለትም። ጥሩ ደጋፊ የጎደለውን ጠይቆ ይሰጣል።

ድጋፍ በእርግጥ ድብርትን ይቀንሳል?

ድጋፍ የሌላቸው ሰዎች ድብርት እንደሚበዛባቸው ከአገር አገር ደጋግሞ ታይቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰው የሚደበረው ብቸኛ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ስለተደበረ ከሰው ሸሽቶም ብቸኛ ይሆናል። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ለማወቅ ድጋፍ ሰጥቶ ውጤቱን ማየት ያስፈልጋል። ሁለት የአፍሪካ አገሮች ይህን አድርገዋል።

በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ የጀመሩት ሥራ በሰፈር አሮጊቶች ላይ የቆመ ነው። ሴቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታካሚው ጋር ይቀመጣሉ። ችግሮቹን እንዲዘረዝር ይረዱታል፤ አንዱን ያስመርጡታል፤ በዚያ ሳምንት ሊያደርገው የሚችለውን ነገር አብረው ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሙከራ ውጤት ከስድስት ወር በኋላ የእነዚህ ታካሚዎች ድብርት ይህን እርዳታ ካላገኙት ይልቅ በብዙ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ነበሩ።

ከሰሜን ኡጋንዳ የተገኘው ትምህርት ደግሞ ይበልጥ ይጠልቃል። የአእምሮ ሐኪሟ ኤቴልድሬዳ ናኪሙሊ-ምፑንጉ የመሩት ጥናት ኤች አይ ቪና ድብርት ያለባቸውን ሰዎች በሁለት መንገድ ሰበሰበ። አንዱ ወገን በቡድን ተቀምጦ ስለ ኤች አይ ቪ ትምህርት ወሰደ። ሌላው ወገንም በቡድን ተቀመጠ፤ ሥራው ግን የውስጡን አውጥቶ መናገር፣ ችግርን መቋቋምና መፍታት፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መማር ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ትምህርት ብቻ ከወሰዱት ከሩብ በላይ የሚሆኑት አሁንም በድብርት ውስጥ ነበሩ፤ ከሁለተኛው ወገን የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ተሰብስበዋል፤ ለውጡን ያመጣው የተሰበሰቡበት ሥራ ነው። ስብሰባ ጠርቶ ትምህርት መስጠት ብቻውን ድጋፍ አይባልም ማለት ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይገባ፣ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተባሉትን ማኅበራት ያቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ኋላም በጤና ተቋማት ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች አዲስ ለመጡ ነፍሰ ጡሮች የሚያካፍሉበት የእናቶች ድጋፍ ቡድን ተፈጠረ። እኔም እንዳንቺ ሆኜ ነበር፣ ልጄ ነጻ ነው የምትል እናት የምትሰጠውን ተስፋ ባለሙያ በንግግር አይሰጥም።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው የስድስት ወር ተሰጥቶት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀርባል። ለሥራ፣ ለትራንስፖርትና ለምስጢር ትልቅ እፎይታ ነው። የዚያኑ ያህል ግን ሕመሙን በግልጽ የሚያወራበት ቦታ ክሊኒኩ ብቻ ለነበረው ሰው ስድስት ወር ረጅም ነው። ቀጠሮው ሲራዘም በመሃል የሚደውልለት ወይም የሚያገኘው ሰው መኖር አለበት።

ድጋፍ መስሎ የሚጎዳ

በጎ አሳቢ ሁሉ አይጠቅምም። ኩባያውንና ሳህኑን ለይቶ የሚያስቀምጥ ዘመድ እየተጠነቀቀ ይመስለዋል፤ ኤች አይ ቪ ግን አብሮ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት በመጠቀም አይተላለፍም። የተለየው ኩባያ የሚያስተላልፈው መገለልን ብቻ ነው። እጸልይልሃለሁ ብሎ ምስጢሩን ለጸሎት ቡድኑ የሚያወራ አለ። ጸበል ግባና መድኃኒቱን ተው የሚልም አለ፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ግን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በአደባባይ አስተምረዋል። በየቀኑ ዋጥክ ወይ እያለ የሚቆጣጠርም ድጋፉ ወደ ፖሊስነት ይለወጥበታል።

ለማን ልንገር?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚደብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ተናግራ ከቤት የተባረረች፣ የተደበደበች ሴት አለች። ስለዚህ ምክሩ ለሁሉም ተናገሩ አይደለም። አንድ ሰው ይበቃል። ከዚህ ቀደም ምስጢር ነግረውት ያልወጣበት፣ ሲቆጣ የሚያውቀውን የማይዘረግፍ፣ በኑሮ የማያስፈራራዎት ሰው ይምረጡ። ለትዳር ጓደኛ መንገር ካስፈራ በጤና ተቋሙ አማካሪ ፊት መነጋገር ይቻላል።

ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ልጆች ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ብዙ ወላጅ መድኃኒቱን የልብ ነው፣ የአስም ነው እያለ ያቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በትምህርት ዕድሜያቸው፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ፣ እንደ አቅማቸው ደረጃ በደረጃ እንዲነገራቸው ይመክራል። ከራሱ ቤት ሰዎች ሳይሆን ከካርዱ ላይ አንብቦ ያወቀ ወጣት የሚከፋው በቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ እንደተዋሸ ይሰማዋል። መድኃኒት አልወስድም የሚለውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ድጋፍ የማይተካው

ቤተሰብ የቱንም ያህል ቢያፈቅር ከባድ ድብርትን በፍቅር ብቻ አይፈውስም። የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ። የድብርት መድኃኒት ሥራውን ለማሳየት ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ በሳምንቱ አልሠራም ብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ሐኪሙ የሚስማማውን እንዲመርጥ ግን የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደሚወስዱ ይንገሩት። መነሻው ሩቅ አይደለም፤ መድኃኒት የሚቀበሉበት ክሊኒክ ነው። ነርሷ ስለ ኪኒኑ ብቻ ከጠየቀች፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል ብለው ራስዎ ይጀምሩላት።

ሞትን የሚያነሳ፣ ዕቃውን የሚያከፋፍል፣ ሳይታሰብ የሚሰናበት ሰው ካለ ብቻውን አይተውት። በቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ።

ምስጢር የነገረዎት ሰው ካለ ደግሞ ብዙ አይጠበቅብዎትም። ያዳምጡ፣ ምስጢሩን ይያዙ፣ ከአንድ ሳህን አብረው ይብሉ፣ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ልሸኝህ ይበሉ። ዝም ካለብዎትም ሰነፈ አይበሉት፤ እቤቱ ይሂዱ።