የሐረማያ ሐይቅ ለይፋት ቆላ መስኖ ምን ያስተምራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ጣርማበርና ደብረ ሲና ታልፈው ቁልቁለቱ ሲያበቃ የይፋት ቆላ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ በማሽላ፣ በጤፍ፣ በማሾና በሽንኩርት ምርት የታወቁ ናቸው። ለመስኖው ልማት መሠረቱ፣ ከደጋው ወርደው ሜዳውን የሚያቋርጡት እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች ናቸው።

ወንዝ ግን በጎተራ የተከተተ እህል አይደለም። ደጋው ላይ ያልሰረገ የክረምት ዝናብ በበጋ ቆላው ላይ አይገኝም። ከላይ ያለው ገበሬ በሞተር ሲስብ፣ ከታች ያለው ቦዩ ደርቆ ይጠብቀዋል። የውሃ ተራ ጠብ የሚነሣውም ወንዙ ሲቀጥን ነው።

ነገሩ ችላ ሲባል ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሐረማያን ማስታወስ ይበቃል። በ1940ዎቹ የተቋቋመውና በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ባለበት አካባቢ፣ ለሐረር ከተማ ለረጅም ዓመታት የመጠጥ ውሃ ያጠጣ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህ ሐይቅ ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት በነበረው ቦታ ከብት ተሰማራ። ሐረርም ውሃዋን ርቃ፣ ከድሬዳዋ በኩል ከሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ለማስመጣት ተገደደች።

ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት ማሳ በየዳርቻው የተተከሉት የውሃ መሳቢያ ሞተሮች በዙ። ከተሞች እየሰፉ ፍጆታቸው ጨመረ። ኮረብቶቹ ተራቁተው ጎርፍ አፈሩን ወደ ሐይቁ አጋዘ፤ ሐይቁም በደለል ተሞልቶ ጥልቀቱን አጣ፣ ፀሐይም የቀረውን አተነነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት» እያለ ቀዳ። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚባለው በሐረማያ ተፈጸመ። የእርሻ ሊቃውንት የሚሠለጥኑበት ግቢ በቅርብ መኖሩ ብቻውን ሐይቁን አላዳነውም። እውቀቱ ማሳው ድረስ ወርዶ የጋራ ደንብ አልሆነምና።

ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና የአካባቢው ገበሬዎች በኮረብቶቹ ላይ እርከን በመሥራትና ችግኝ በመትከል ተሳትፈዋል። በ2010ዎቹ ዓመታትም ውሃው ወደ ሐይቁ ተመልሶ ታይቷል። የተመለሰው ግን እንደገና እንዳይሄድ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነው።

ለይፋት የቀረበ ሌላም ትምህርት አለ። ከደብረ ሲና በላይ ባለው ደጋ፣ አንዲት ጥድ በተባለው ቦታ፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ዝናቡን፣ ጎርፉንና ተጠርጎ የሚሄደውን አፈር ማስለካት ጀምረዋል። የዚያ ተፋሰስ ውሃ የሚወርደው ወደ አባይ እንጂ ወደ ይፋት አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። የታረሰ መሬት ገና ሽፋን ሳያገኝ የሚወርድ ዝናብ ብዙ አፈር ይጠርጋል፤ እርከን ሲሠራ ግን ጎርፉ ይረግባል፣ ውሃው ይሰርጋል።

በዓለም ዙሪያም የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ የተማሪዎች ጉዳይ ሆኗል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ግሬታ ተንበርግ የተባለች የ15 ዓመት ስዊድናዊት ተማሪ በአገሯ ምክር ቤት ደጃፍ ብቻዋን ተቀመጠች። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በብዙ አገሮች ያሉ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። የእነርሱ ጥያቄ ጭስ የሚያበዙት አገሮች ጭሳቸውን እንዲቀንሱ ነው። ዝናቡ ጊዜውን ሲስት ቀድሞ የሚጎዳው ግን ጭስ የሌለው የቆላ ገበሬ ነው።

በኢትዮጵያ ተማሪና የገበሬ ማኅበር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ከሥራቸው አንዱ የገበሬ ማኅበራትን ማደራጀት ነበር። ዛሬም በብዙ ቦታ ቀበሌው «ገበሬ ማኅበር» እየተባለ ይጠራል። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ተማሪ የሚጋብዙት ለችግኝ ተከላ ቀን ብቻ መሆን የለበትም። በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በጥርና በየካቲት ሐሩር የሚያጠጣው፣ ከፍየልም የሚጠብቀው ካልተመደበ፣ ቁጥሩ ከወረቀት አያልፍም። ተማሪው የሚጠቅመው ሲለካና ሲመዘግብ ነው። በወንዙ ዳር ምልክት የተቀረጸበት እንጨት ተክሎ የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ መጻፍ፣ የዝናቡን መጠን መያዝ፣ በወንዙ ላይ ያሉትን ሞተሮች ከላይ እስከ ታች መቁጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መዝገቡ በእጅ ከገባ የውሃ አባቱ ተራውን የሚያከፋፍለው በግምት ሳይሆን በልክ ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው ቀበሌም ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነገር ያገኛሉ።

ከደጋው ቀበሌዎች ጋርም ስምምነት ያስፈልጋል። ኮረብታው ሲራቆት ጎርፉን የሚቀበለው፣ ሲለማም ምንጩን የሚጠጣው ቆላው ነው። የቆላው ማኅበር በበጋ የእርከን ሥራ ጉልበት አዋጥቶ ወደ ላይ ቢወጣ የሚሠራው ለራሱ ነው።

ሐረማያ ውሃውን ያጣው ገበሬውም፣ ከተማውም፣ የተማረውም እያዩት ነው። የይፋት ወንዞች ዛሬ ይፈሳሉ። የሚለካውና ደንብ የሚያወጣው ሰው መነሣት ያለበት ሳይነጥፉ ነው።