አዘውትሮ መጻፍ ለአሳብና ለአስተዳደር ያለው ጥቅም

ሰው አንድን ነገር በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ፥ ነገሩን ፈጽሞ ያወቀው ይመስለዋል። ወረቀትና ቀለም ቀርቦለት ያንኑ አሳብ ጻፈው ቢሉት ግን፥ ከሁለት መስመር በኋላ ብዕሩ ይቆምበታል። ብዕሩ የቆመው ቃል ጠፍቶት አይደለም፤ አሳቡ ራሱ ገና ያልተፈጸመ ስለ ሆነ ነው። በአፍ ሲናገሩት ጕድለቱ አይታወቅም፤ የድምፅ ግርማ፥ የእጅ ምልክት፥ የአድማጩም ራስ መነቅነቅ ይሸፍነዋል። ወረቀት ግን ራሱን አይነቀንቅም። «ስለዚህ» ተብሎ ሲጻፍ ምክንያቱ ከበላዩ ካልተገኘ፥ ባዶው ስፍራ ከማንም አስቀድሞ ለጸሐፊው ይታየዋል።

ይህ ለማንም የሚጠቅም ሲሆን፥ ሰውን ለሚያስተዳድር ሰው ከሁሉ ይልቅ ያስፈልገዋል። ተራ ሰው ሲሳሳት ሚስቱም ጎረቤቱም ይነግሩታል። ሹም ሲሳሳት ግን የሚበዛው ሰው «እውነት ነው» ይለዋል፤ አንዳንዱ ፈርቶ፥ አንዳንዱ ሹመት ፈልጎ፥ አንዳንዱም ነገሩ ሳይገባው። እንግዲህ የሚከራከረው ሰው ያጣ ሹም፥ ከራሱ ጋራ የሚከራከርበትን ስፍራ ሊያበጅ ይገባዋል።

ከጥንት ነገሥታት ይህን ስፍራ አበጅቶ የተገኘው የሮማው ቄሣር ማርቆስ አውሬልዮስ ነው። የነገሠው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዘመኑ የዕረፍት ዘመን አልነበረም። በምሥራቅ ከጳርቴ ሰዎች ጋራ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያ የተመለሰው ጭፍራ ቸነፈር ይዞ ገባ፤ በሰሜንም ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ያሉት ነገዶች ወሰኑን ጥሰው መጡ። ቄሣሩ ብዙ ዓመት በጦር ሰፈር አሳለፈ፤ በዚያም ሆኖ ለራሱ ይጽፍ ነበር። ጽሑፉ 12 ክፍል አለው፤ ከዚያ መካከል አንዱ በኳዲ ሕዝብ አገር፥ አንዱም በዳኑብ ዳር በካርኑንቱም ሰፈር እንደ ተጻፈ በመጽሐፉ ላይ ተመልክቶ ይገኛል። የሮማ ቋንቋ ላቲን ሲሆን እርሱ የጻፈው በጽርእ ነው፤ አጻጻፉም ለሕዝብ እንዲነበብ የተሰናዳ አይመስልም።

የሚያስደንቀው፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የድል ወሬ አለመኖሩ ነው። ያን ያህል ሰፊ አገር የሚገዛ ንጉሥ፥ ማለዳ ከመኝታው መነሣት ስለ ከበደው ራሱን ይገሥጻል። ቍጣ እንዳያሸንፈው፥ የንጉሥነቱም ልብስ ጠባዩን እንዳይለውጠው ያስጠነቅቃል። በመጀመሪያው ክፍል ከአያቱ፥ ከእናቱ፥ ከመምህራኑ፥ ልጅ አድርጎ ከተቀበለው ከቄሣሩ ከአንቶኒኖስም ምን ምን እንደ ተማረ በየስማቸው ይቈጥራል። አንዱን አሳብ አንድ ጊዜ ይጽፈዋል፤ ከብዙ ገጽ በኋላ ደግሞ በሌላ ቃል ይመለስበታል። ይህን መደጋገም እንደ ነቀፋ የሚቈጥር አንባቢ አይጠፋም፤ ነገር ግን የልማዱ ጥቅም ያለው በዚሁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ ምክር ቍጣ በመጣ ጊዜ አይገኝም፤ በየጊዜው የተጻፈው ግን ከቍጣው ቀድሞ ይደርሳል።

በ175 ዓ.ም. አቪድዮስ ካስዮስ የሚባለው የሶርያ ገዥ «ቄሣር እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። ብዙ ሳይቈይ የገዛ ሰዎቹ ገደሉት። የቀድሞ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ ማርቆስ አውሬልዮስ የሟቹን ራስ ባመጡለት ጊዜ ሊያየው አልወደደም፤ የዐመፀኛውም ደብዳቤዎች ሳይነበቡ ተቃጠሉ። ቢነበቡ ኖሮ ስንት ቤት በጠፋ! ይህን ምሕረት ያመጣው ብዕር ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። መጻፍም ከስሕተት ሁሉ አያድንም፤ ይኸው ቄሣር መንግሥቱን ለልጁ ለኮሞዶስ ተወ፤ ኮሞዶስም በክፉ አገዛዙ ተጠልቶ በ192 ዓ.ም. ተገደለ። አባቱ ስለ ብዙ ነገር ሲጽፍ፥ ስለዚህ ነገር ራሱን አጥብቆ የጠየቀ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ጽሕፈት የቈየ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ በቀድሞው ልማድ ጌታው ይናገራል፥ ጸሐፊው ቃሉን ያሳምራል፥ ማኅተሙም ይደረግበታል። ደብዳቤው ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን ቃል በቃል እያነጻጸረ አሳቡን የመረመረው ጸሐፊው እንጂ ባለማኅተሙ አይደለም። ዛሬም ሌላ ሰው ያሰናዳለትን ንግግር ተቀብሎ የሚያነብ ሹም ከዚህ አልራቀም።

ልማዱን ለመጀመር ብዙ ወረቀት አያሻም። የመሬት ክርክር የቀረበለት ዳኛ ወይም የሠራተኞች አለቃ፥ ማታ ከመተኛቱ በፊት ምን እንደ ሰማ፥ ማንን እንዳመነ፥ ስለ ምንም እንዳመነው በገዛ እጁ አንድ ገጽ ቢጽፍ ይበቃል። «ስለ ምን አመንኩት» የሚለው ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ «ወዳጄ ስለ ሆነ» የሚል ሆኖ ይገኛልና። ያንኑ ገጽ ከዓመት በኋላ መልሶ ማንበብ ደግሞ አያስደስትም፤ ስለዚህም ብዙዎች ጀምረው ይተዉታል።

ሹመትን ከብዕር ጋራ ካስተባበሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በኤውሮፓ ተምረው ተመልሰው፥ በድሬ ዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። በዚያ በር ቡናና ቆዳ ይወጣ፥ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ይገባ ነበር። ቀረጡን ቈጥሮ መዝገቡን መዝጋት ለሹመቱ በበቃ ነበር። እርሳቸው ግን፥ ብዙ የሚደክም ሕዝብ ስለ ምን ድኻ ይሆናል? ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ነበራቸውና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋራ ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት እንደሚለውጥ ደረጃ በደረጃ ጻፉት። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ይህ መጽሐፋቸው በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ጸሐፊው ግን ከዚያ በፊት በ1911 ዓ.ም.፥ ገና በጐልማሳነታቸው፥ ዐርፈው ነበር።